ኮሚቴው የመረጠው ጎማ፤ ከደሴ በሐይቅ ወደ አምባሰል

ደሴ፤ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል

ጦሳ ተራራ ገና ከጭጋጉ አልተለየም። የመሥሪያ ቤታችን ጂፕ ግቢው መሐል ቆማለች። ትናንት ከሰዓት በኋላ አዲስ ጎማ ገብቶላታል። ከዚያ በፊት እሷ ላይ ለመሳፈር አንድ እግር ማንሣት ይበቃ ነበር፤ ዛሬ ግን የበሩን ጠርዝ ይዤ፣ ጉልበቴን እስከ ደረቴ አንሥቼ ነው የወጣሁት። ወጣሁ እንጂ ገባሁ አይባልም።

መሪውን ይዘው የሚጠብቁኝ ጋሽ ሙሄ ናቸው፤ ሾፌራችን። ሃምሳን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ነጭ ቆብ ከራሳቸው የማይለይ ሰው። ይቺን ጂፕ ከአዲስነቷ ጀምሮ የነዷት እሳቸው ብቻ ናቸው። እኔ ታደሰ እባላለሁ፤ ያኔ የሃያ ስድስት ዓመት የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርኩ። መኪና መንዳት አልችልም። ጎማ መምረጥ ግን ችያለሁ፤ የጎማ መረጣ ኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነበርኩ።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ያለ ኮሚቴ ምስማር የማይመታበት። የጂፗ ጎማ ሲያልቅ ከመጋዘን ሁለት ዓይነት ቀረበልን። አንዱ ድሮ የምታደርገው፣ ስድስት ሃምሳ በአሥራ ስድስት የሚባለው ነው። ሌላው ዘጠኝ መቶ በአሥራ ስድስት፤ ለጭነት መኪና የመጣ፣ ሲቆም ወገቤ ድረስ የሚደርስ፣ ጥርሱ የአውራ ጣት ቁመት ያለው። ሁለቱም እዚያው ቸርኬ ላይ ይገባሉ። ችግሩም የመጣው ከመግባታቸው ነው።

አምስት አባላት ነበርን፤ አንዳችንም መንጃ ፈቃድ የለንም። ጋሽ ሙሄ «ጉዳዩ በቀጥታ የሚመለከታቸው ስለሆነ» አባል እንዳይሆኑ ተወሰነ። ሰብሳቢያችን የመሥሪያ ቤቱ የፖለቲካ ኃላፊ ነበር። «ጓዶች፣ ድንጋዩ ትልቅ ከሆነ ጎማውም ትልቅ መሆን አለበት» አለ። አጨበጨብን። እኔም ጸሐፊ ሆኜ ዝም ማለቱ ከበደኝና «ትልቅ ጎማ ትልቅ እርምጃ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ከራሴ ጨመርኩበት።

ጋሽ ሙሄ ለአንድ አፍታ ተጠርተው ገቡ። «ልጆቼ፣ ይቺ መኪና እኮ ለዳገት ብቻ አይደለችም» አሉ። «በየቀኑ ሠራተኛ ሐይቅ አድርሳ ትመልሳለች፤ አብዛኛውን አስፋልት ላይ ነው የምትውል። ይሄ ጎማ ስትታጠፍ ይነካታል፣ ፍሬኗን ያዘገየዋል፣ ጉልበቷን ይበላዋል። የድሮው ልኳ ነው።»

ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞሮ «ይመዝገብ» አለ። መዘገብኩ፤ «ሾፌሩ በውሳኔው ላይ ተቃውሞ አላቸው» ብዬ። በዚያ ዘመን ተቃውሞ የሚለው ቃል ወረቀት ላይ ሲሰፍር ምን ያህል እንደሚከብድ አላውቅም ነበር አልልም። አላሰብኩትም።

ከኋላችን የበረዶ ሣጥን አለ። ውስጡ የ«ደስታ» ክትባት ነው። ማን ደስታ ብሎ እንደሰየመው እንጃ እንጂ፣ የገባበትን በረት ባዶ የሚያስቀር የከብት በሽታ ነው። አምባሰል ውስጥ ከአንድ ቀበሌ አጠገብ ታየ ተብሎ፣ ገበሬው ከብቱን ሰብስቦ እንዲጠብቀን መልእክት ሄዷል። ክትባቱ ከሞቀ ከተራ ውሃ አይሻልም። በረዶውን ከአንድ ሆቴል ለምነን ነው ያገኘነው፤ ቢበዛ እስከ ቀትር ይቆያል።

«ቢስሚላህ» አሉ ጋሽ ሙሄ። እኔም ማንም ሳያየኝ በሆዴ አማተብኩ።

ሐይቅ፤ ከጧቱ አንድ ሰዓት

ከደሴ ወደ ሐይቅ መንገዱ ይወርዳል። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ከእግሬ ሥር ግርርር የሚል ድምፅ ወጣ።

«ምንድን ነው?» አልኩ።

«ውሳኔው ነው» አሉ ጋሽ ሙሄ፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ።

ትንሽ እንደሄድን ጭድ የተሸከመች አህያ መንገዱን ታቋርጣለች። ጋሽ ሙሄ ከሩቅ ፍሬን ያዙ። ጂፗ ሰማች፤ ለመታዘዝ ግን ጊዜ ወሰደች። የአህያዋ ጭድ መብራታችንን ጠርጎ አለፈ። የአህያዋ ጌታ የተናገረውን እዚህ አልጽፈውም።

ሌላ ጉድ ደግሞ አለ። የፍጥነት መቁጠሪያው አርባ ይላል፤ ባሕር ዛፎቹ ግን በሃምሳ ነው የሚያልፉን። «ትልቅ ጎማ አንዴ ሲዞር ብዙ ይሄዳል። ቆጣሪው የሚቆጥር ዙሩን ነው፤ የጎማውን ቁመት ማን ይንገረው?» ብለው አስረዱኝ። ሐይቅ ስንገባ ቆጣሪው ከደሴ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር መጣችሁ አለን። ባለፈው ሳምንት ሠላሳ ነበር። ኮሚቴያችን ሐይቅን አምስት ኪሎ ሜትር ወደ ደሴ አስጠግቷታል ማለት ነው። ቤንዚን የሚታደለን በኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ ከተማዋ ስትጠጋ ከቤንዚናችንም ቀንሳ ነው የተጠጋችው።

ሐይቅ ከነቃች ቆይታለች። ጭቃው ላይ የተደረደሩ ጆንያዎች፣ ከወልድያ አውቶቡስ የወረዱ እንቅልፋም ፊቶች፣ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ መፈክር፣ ከመፈክሩ ሥር የታሰረች ፍየል። ከቤቶቹ ባሻገር ውሃው ጸጥ ብሎ ተኝቷል፤ የእስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች ጥቁር ሆነው ይታያሉ። አንድ የተጠበሰ ዓሣ ከዳቦ ጋር ሰባ አምስት ሳንቲም ነው። ዓሣ ጠባሿ ሳህኑን እያቀበለችን ጂፗን አየት አደረገችና «እናንተዋ፣ ምነው መኪናችሁ እግሯ አበጠ?» አለች።

ጋሽ ሙሄ ዓሣቸውን ሳይጨርሱ ጎማ ጠጋኙን ከማልን ጠሩት። ከማል ተንበርክኮ የግራውን የፊት ጎማ በመዳፉ ዳበሰ። የፓራፋንጎው፣ ማለትም የጭቃ መከላከያው ቆርቆሮ ጠርዝ በየኩርባው ሲፋጨው የጎማውን ትከሻ እንደ ቢላ ከትፎታል። የሌባ ጣት ርዝመት ያለው ቁስል ነው።

«ጋሽ ሙሄ፣ ይሄን ቆርቆሮ አራት ጣት ያህል ልቁረጥልዎት» አለ ከማል። «ያኔ ጎማው መዞሪያ ቦታ ያገኛል።»

«የመንግሥት ንብረት ነው። ለመቁረጥ ደብዳቤ ያስፈልጋል።»

«ጎማውን ለመቀየርስ?»

«ጎማው ደብዳቤ አለው» አሉ ጋሽ ሙሄ።

እኔ ዓሣዬን ይዤ ቆሜያለሁ። «እንመለስ ይሆን?» አልኩ በቀስታ።

«በረዶው እየቀለጠ፣ ሰዉ ከብቱን አስሮ እየጠበቀ?» አሉኝ። ከዚያ ከማል እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ደግሞስ ዛሬ ብመለስ ምን ተብሎ እንደሚጻፍብኝ ካንተ በላይ ማን ያውቃል?»

የቀረውን ዓሣ ለድመት ጣልኩት።

ውጫሌ፤ ሦስት ሰዓት

ከሐይቅ እስከ ውጫሌ ጋሽ ሙሄ መኪናዋን እንደ ታመመ ሰው ይዘው ነዱ። ኩርባ ሲመጣ ከሩቅ ያዘገማሉ፣ መንገዱን ሙሉ ይወስዳሉ፣ መሪውን እስከ መጨረሻ ላለመጠምዘዝ ጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳሉ። ከፊት የመጣ የጭነት መኪና ጡሩምባውን እየነፋ አለፈን፤ ሾፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ሙሄ፣ ጠጥተሃል እንዴ?» ብሎ ጮኸ። ውሃ እንኳ በአግባቡ ያልጠጡት ሰውዬ ሳቁ።

ውጫሌ ላይ የቀበሌው ገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር አቶ እንድሪስ ጃንጥላቸውን ይዘው ይጠብቁናል። ጎማውን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«ማሻአላህ! ይሄን ጎማ ይዞ ሰማይም ይወጣል!»

«ሰማዩስ ባልከፋ» አሉ ጋሽ ሙሄ፤ «ኩርባ የለበትም።»

አቶ እንድሪስ ከኋላ፣ ከበረዶው ሣጥን አጠገብ ተቀመጡ። የሦስት ጎጥ ሰው ከሌሊት ጀምሮ ከብቱን ሰብስቦ ቆሟል አሉን። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «በሽታው ከወንዙ ማዶ ገብቷል። ትናንት አሥራ አንድ ከብት ቀብረዋል። ኧረ በአላህ ቶሎ እንድረስ።»

ዳገቱ፤ አራት ሰዓት ተኩል

አምባሰል ከሩቅ ዜማ ነው፤ ከቅርብ ድንጋይ ነው። መንገዱን ገበሬው በአካፋና በዶማ ያወጣው ነው፤ ገደሉን ታኮ እየተጠማዘዘ ይወጣል። በአንድ በኩል የማሽላ እርከን፣ በሌላው በኩል ምንም።

ጋሽ ሙሄ ሞተሩ አራቱንም ጎማ እንዲያዞር የፊቱንም የኋላውንም እግሯን አስገብተው በአንደኛ ማርሽ ጀመሩ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ግን በልመና ነው የሚዞር። «ጉልበቷን ይበላዋል» ያሉት ይሄ ነው። በየኩርባው መሪው ግማሽ ላይ ጎማው ከቆርቆሮው ይጋጭና እንቢ ይላል። ስለዚህ አንድ ኩርባ ለመታጠፍ ሦስት ጊዜ ወደፊት፣ ሦስት ጊዜ ወደኋላ፤ ያውም ወደ ገደሉ። የእኔ ሥራ እየዘለልኩ ወርጄ ከኋላ ጎማ ሥር ድንጋይ ማስገባት ሆነ። በሦስተኛው ኩርባ ላይ የጎማው ግማሽ ከአፈሩ ወጥቶ አየር ላይ ሲንጠለጠል አይቻለሁ። ያን ጊዜ ነው ያጨበጨብኩት ጭብጨባ ወደ እጄ የተመለሰ፤ መዳፌ በላብ ራሰ።

አራተኛው ኩርባ ላይ ጥይት የተተኮሰ መሰለኝ። አቶ እንድሪስ ከሣጥኑ ላይ ተደፉ። ጂፗ በግራ ጉልበቷ ተንበረከከች።

ከማል ያየው ቁስል ነበር የፈነዳው። ጋሽ ሙሄ ወርደው አዩት። ከኋላ በር ላይ የተንጠለጠለውን መለዋወጫ ጎማ አየሁና ልቤ መለስ አለ፤ አፍታም አልቆየ። መለዋወጫው የድሮው ትንሹ ነው። ኮሚቴያችን አራት ጎማ መርጧል። አምስተኛውን ማንም አላነሣውም።

«ይሄን ብናስገባውስ?» አልኩ።

«ቁልቁለት ያወርደን ይሆናል፤ እያነከሰች» አሉ። «አራት እግሯን አስገብቼ ዳገት ከወጣሁ ግን፣ አንዱ አጭር አንዱ ረጅም ሆኖ አክሰሏን ይሰብረዋል። ያኔ እዚሁ እንቀራለን።»

ሣጥኑን ከፈትኩ። ከበረዶው የቀረው ሁለት ጭብጥ ቢሆን ነው። ፀሐይዋ ደግሞ ከአናታችን ልትደርስ ምንም አልቀራት።

አቶ እንድሪስ ከመንገዱ ጠርዝ ቆመው፣ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ላይ ተጣሩ። ከአምባው ሥር አንድ ድምፅ መለሰ፤ ሌላው ተቀበለ። ብዙም ሳይቆይ አሥር የሚሆኑ ወንዶች ቃሬዛ ይዘው በአቋራጭ ወረዱ። በሽተኛ የሚያመላልሱበት ቃሬዛ ነው። አንዱ ቡልኮውን አውልቆ ከምንጭ ነከረውና ሣጥኑን ጠቀለለበት።

«በዚህ ሰው እንጂ ሣጥን ተሸክመን አናውቅም» አለኝ። «ቀላል በሽተኛ ነው!»

እኔ አልተንቀሳቀስኩም። ጋሽ ሙሄ አዩኝ። «ምን ትጠብቃለህ? ሂድ እንጂ! እኔ ከመኪናዬ ጋር ነኝ። አብሽር።»

ከአምባው ሥር፤ ስድስት ሰዓት

ሸካሚዎቹ እየተቀያየሩ ሮጡ ማለት ይቀለኛል። እኔ ባዶ እጄን ሆኜ አልደረስኩባቸውም። ከላይ ስደርስ ሣጥኑ ዋርካ ሥር ተቀምጧል፤ ሜዳው በከብት ተሞልቷል፤ ከሦስት መቶ በላይ ነበሩ። ሣጥኑን የከፈትኩት ዓይኔን ጨፍኜ ነው። የበረዶው ፍርፋሪ ጠርሙሶቹን እንደከበበ አለ። ውሃውን ነካሁት፤ ጣቴን ቆረጠመኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ቅዝቃዜ የለም።

አንድ ሸህ ዱዓ አደረጉ፤ የእስላሙም የክርስቲያኑም አሜን አንድ ላይ ወጣ። ከዚያ ከብቱ በግንድ በተሠራው ጠባብ መተላለፊያ እያለፈ፣ እኔም ክትባቱን እየበጠበጥኩ፣ አንገቱ ላይ ከቆዳው ሥር እየወጋሁ ቀጠልን። የተበጠበጠ ክትባት ብዙ አይቆይም፤ ሸሚዜ ከጀርባዬ እስኪጣበቅ አላረፍኩም።

የመጨረሻዋን ጠርሙስ በጥብጬ ሳጋምስ አንድ በሬ ግንዱን ጥሶ ወጣና ወደ እርከኑ ሮጠ። የእትዬ ሐዋ በሬ ነው፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ደርባባ ሴት ናቸው። ሌላ በሬ የላቸውም፤ ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅተው ነው የሚያርሱት። ሰዉ «ይለፈው፣ ጨርስ» ይለኛል። እትዬ ሐዋ ግን አልጮሁም፤ «ና ቡሬ፣ ና የኔ ጌታ» እያሉ ቀስ ብለው ሄዱበት። እኔም መርፌዬን ይዤ ከኋላቸው። ሁለት እርከን ዘለልኩ፤ አንዱን ወደቅኩበት። በሬው ቆመላቸው። ቀንዱን ሲይዙልኝ ወጋሁት።

ላባቸውን እየጠረጉ «የሾፌራችሁ ጎማ ፈነዳ አሉ» አሉኝ።

«አዎ እትዬ።»

«ምን ያደርጉታል?»

ጥያቄው አልገባኝም። «ማንን?»

«ሾፌሩን ነዋ። አምና የወፍጮው ሞተር ሲሰበር ባለሞያውን አሻጥር ሠራህ ብለው ወሰዱት። እስካሁን አልመጣ።» የበሬያቸውን ግንባር አከክ አደረጉ። «ሞተሩ እኮ ያረጀ ነበር።»

መርፌዬን ጠራርጌ ወደ ታች ወረድኩ።

ቁልቁለት፤ ዘጠኝ ሰዓት

ጋሽ ሙሄ ከሰዎች ጋር ሆነው ትንሹን ጎማ አስገብተዋል፤ ጂፗንም አዙረዋታል። ግራዋን ዝቅ አድርጋ ቆማለች። የፊቱን እግሯን አላቅቀው በዝግታ ወረድን። እኔ ሳላስበው ወደ ቀኝ ሳዘነብል፣ «ተወው፣ በአንተ ክብደት አትቃናም» አሉኝ።

ውጫሌን ካለፍን በኋላ ነው የተናገሩት። «ሪፖርትህን ስትጽፍ መንገዱ ነው ያፈነዳው በል። ስለታም ድንጋይ ገጠመን በል። አንተም ትድናለህ፣ እኔም ምናልባት።»

«ድንጋይ አልነበረም እኮ።»

«የለም» አሉ። «ግን ድንጋይ አይከራከርም።»

ሐይቅ ላይ ከማል የፈነዳውን ጎማ ከውስጥ ደርቦ ጠገነልንና መለሰልን። ሥራውን እስኪጨርስ ዓሣ ጠባሿ ጠራችን። ጋሽ ሙሄ በሉ። እኔ ውሃውን እያየሁ ተቀመጥኩ። ድንጋዩን ልጽፍ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ዓረፍተ ነገሩን በሐሳቤ ጀምሬው ነበር። ግን ድንጋይ ቢባል እንኳ ቃለ ጉባኤው ላይ ተቃውሞ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ድንጋዩን ማን ላይ እንደሚጭኑት ግልጽ ነበር።

ደሴ፤ አመሻሽ

ወሬው በአውቶቡስ ቀድሞን ገብቷል። ሰብሳቢያችን ከግቢው በር ላይ ቆሟል፤ እጁ ላይ ወረቀት አለ። ለእኔ ሰላምታ አልሰጠኝም። በቀጥታ ወደ ጋሽ ሙሄ ሄደ።

«የመንግሥት ጎማ በአንድ ቀን? አንተ ከመጀመሪያውም ተቃውሞ ነበረህ፣ አይደል?»

ጋሽ ሙሄ ቆባቸውን አስተካከሉ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። ድምፄ ቀጠነ፤ ደገምኩት። «ጓድ፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

«አንተ መኪና ትነዳለህ?»

«አልነዳም። መንዳት ሳላውቅ ነው የመረጥኩት። ጎማው ልኳ አይደለም፤ ስትታጠፍ ቆርቆሮው ቆረጠው። ጋሽ ሙሄ አስቀድመው ነግረውናል፤ ምክራቸውን ተቃውሞ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ነገ ቃለ ጉባኤው ይታረም፤ እኔው እጽፈዋለሁ። የፈረምን ሁላችንም እንጠየቅ።»

ሰብሳቢው ወረቀቱን አየ። የፈረምነው አምስታችን ነን፤ የመጀመሪያው ፊርማ የእሱ ነው። ከዚያ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

«ጎማው በሙከራ ላይ ነበር» አለ።

በማግሥቱ ኮሚቴው ተሰብስቦ ሙከራው በተሳካ ሁኔታ መጠናቀቁን አረጋገጠ፤ በሰፊ ጥናትም ለዚህች መኪና የሚስማማው ስድስት ሃምሳ በአሥራ ስድስት መሆኑን ደረሰበት። ሾፌሩ የሚል ቃል በቃለ ጉባኤው ውስጥ አልነበረም፤ በክፉም በደግም። እኔ ያለ ቦታዬ ስለተናገርኩ ግለ ሂስ አደረግኩ፤ ለሦስት ወርም ከመስክ ታግጄ መጋዘን ገባሁ። አቶ እንድሪስ ከወር በኋላ ደሴ ሲመጡ፣ በሽታው ወንዙን ቢሻገርም ከከተብናቸው አንድም እንዳልሞተ ነገሩኝ።

የዚያ ቀን መንገዴ ግን ያለቀው በግቢው በር አልነበረም። ሰብሳቢው ከሄደ በኋላ ጋሽ ሙሄ የመኪናዋን ቁልፍ አስረክበው «ና፣ እኔ ቤት ደርሰህ ትሄዳለህ» አሉኝ። በእግራችን ሄድን።

በሩን የከፈቱልን ባለቤታቸው እትዬ ዘምዘም ናቸው። ባላቸውን ከራስ እስከ እግር አዩዋቸው፤ ከኋላቸው እኔን አዩ፤ ከእኔ በኋላ ሌላ ሰው እንደሌለ አዩ። ከበሩ ጀርባ በገመድ የታሰረ ጥቅልል አነሡና አልጋው ላይ ፈቱት። ብርድ ልብስ ነው። ከውስጡ አንድ ሳሙና፣ አንድ ቅያሪ ሸሚዝ፣ መስገጃ፣ በጨርቅ የተቋጠረ በሶ ወጣ።

«ምንድን ነው?» አልኩ፤ እያወቅኩት።

«ስብሰባው ከዋለ ጀምሮ እዚያው ነው ያለ» አሉ ጋሽ ሙሄ። «ሊወስዱኝ የመጡ ቀን እሷ ዕቃ ስትፈልግ እንዳትደነግጥ ብዬ።»

እትዬ ዘምዘም ብርድ ልብሱን አራግፈው ከቦታው ዘረጉት። በሶውን ይዘው ወደ ጓዳ ገቡ። ጥቂት ቆይተው በጥብጠው በሁለት ጣሳ ይዘውልን መጡ። ጋሽ ሙሄ አንዱን ተቀበሉና መጀመሪያ ለእኔ ሰጡኝ። ጠጣሁት።